ቤንዚን የሚያንጠባጥብ ካርቡሬተር፦ ኪት ይገዛ ወይስ ሙሉው?

ሞተር ሳይክልህ ቆሞ ሲያድር ከካርቡሬተሩ (ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ ከሚሰጠው ዕቃ) ሥር ቤንዚን ካንጠባጠበ፣ መለዋወጫ ቤት የሚሰጥህ መልስ የታወቀ ነው፤ «ሙሉውን ቀይረውና ተገላገል»። ለሻጩ ጥሩ መልስ ነው። ለአንተ ግን ብዙ ጊዜ ያለ ቦታው የወጣ ብር ነው።

ጎንደር ላይ አራት ምርጫ አለህ፦ አጽድቶ መግጠም፣ የጥገና ኪት (የሚያልቁት ትንንሽ ክፍሎች ጥቅል)፣ አዲስ ኮፒ ካርቡሬተር፣ ወይም ከሌላ ሞተር የተፈታ ኦርጅናል። የትኛው እንደሚያዋጣ የሚወስነው ቤንዚኑ የሚወጣበት ቦታ ነው። አራዳ ከመውረድህ በፊት ሞተሩን አቀዝቅዘው፣ ካርቡሬተሩን በጨርቅ አድርቀው፣ የነዳጁን መዝጊያ ክፈትና ጎንበስ ብለህ እይ። ሲጋራም የቡና ከሰልም አጠገብህ አይኑር። ጋራዥ በር ላይ ጀበና መጣድ እኛ ዘንድ ብርቅ ስላልሆነ ነው ይህን የምለው።

ከታንኩ በሚመጣው ጎማ ጫፍ ላይ ከረጠበ ጎማና ማሰሪያውን ፋሼታ ግዛ፤ ካርቡሬተሩን አትንካው። ከታች ያለው ሳህን ዙሪያውን ካላበው ማሸጊያው ጓርኒሲዮን ነው። ከማፍሰሻዋ ብሎን ከሆነ መጀመሪያ አጥብቃት።

ጣጣው ያለው ቤንዚኑ በቀጭኑ የትርፍ ማፍሰሻ ቱቦ ሲወርድ ነው። ሳህኑ ውስጥ ተንሳፋፊ አለ። ቤንዚን ሲሞላ ከፍ ይልና ትንሿን መርፌ ገፍቶ መግቢያውን ይዘጋል። መርፌዋ ካልዘጋች ሳህኑ ሞልቶ ይፈስሳል።

ያልዘጋችው በቆሻሻ ከሆነ መግዛት አያስፈልግህም። የማደያ ሰልፍ ሲረዝም በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን የምትቀዳ ከሆነ መጀመሪያ የምትጠረጥረው ይህንን ነው፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ትበቃለች። ሳህኑን በካቻቢቴ እጀታ ቀስ አድርገህ መታ መታ አድርገው። መፍሰሱ ከቆመ ቆሻሻ ሳይሆን አይቀርም። አጽዳው፣ ታንኩንም እጠበው፣ ጎማው መሀል ፊልትሮ አስገባ። ታንኩን ሳታጥብ ካርቡሬተሩን ብቻ ብታጸዳ ደለሉ ተመልሶ ይመጣል።

ካልቆመ ፍታውና መርፌዋን አውጣ። ጫፏን በጥፍርህ ዳብሰው። ዙሪያውን ቀለበት የመሰለ ጭረት ከያዘህ አልቃለች። ተንሳፋፊውን ደግሞ ጆሮህ ሥር ነቅንቀው፤ ውስጡ ከተንቦጫቦጨ ተበስቷል። እዚህ ላይ ነው ኪት የሚያዋጣው። በኪቱ ውስጥ መርፌና ጓርኒሲዮን ይኖራል፤ ተንሳፋፊ ግን ብዙ ጊዜ አይኖርም፣ ለብቻው ጠይቅ። አሮጌዋን መርፌ ይዘህ ሂድና ጎን ለጎን ለካ። አዲሷ ከረዘመች ወይ ካጠረች የሳህኑ የቤንዚን መጠን ይዛባል። ኪቱ ጂግለር (ቤንዚኑን በልክ የሚያሳልፍ ትንሽ ቀዳዳ ያለው ብሎን) ቢኖረውም የራስህ ደህና ከሆነ አትቀይረው፤ የኮፒ ጂግለር ቀዳዳ ሁልጊዜ ልኩን አይጠብቅም።

ኮፒውን የምመክረው አካሉ ለተሰነጠቀ፣ ጥርሱ ለተበላ፣ ወይም መርፌዋ የምታርፍበት መቀመጫ አልቆ የማይወጣ ዓይነት ለሆነበት ሰው ብቻ ነው። ላዩ ላይ «ኬይሂን» ወይም «ሚኩኒ» የሚል የጃፓን ካርቡሬተር ስም መጻፉ ማስረጃ አይሆንም፤ ኮፒውም ያንኑ ይጽፋል። ሌላም ነገር አለ። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ለዝቅተኛ አገር የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ሞተሩ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፣ ባለቤቱም «አዲሱም ያፈሳል» ብሎ ይመልሰዋል። አያፈስም፤ አነስ ያለ ዋና ጂግለር ነው የሚፈልገው። ወደ መተማ ቆላ የምትመላለስ ከሆነ ግን ብዙ አታሳንሰው፤ እዚያ ቤንዚን አንሶት ሞተሩ ይግላል።

የተፈታ ኦርጅናል ካገኘህ እኔ ከአዲስ ኮፒ አስቀድመዋለሁ፣ ግን ፈትነህ። ንጹሕ ጎማ ነዳጅ መግቢያው ላይ ሰካ፣ ካርቡሬተሩን ገልብጠህ ንፋ። ተንሳፋፊው በክብደቱ መርፌዋን ስለሚጫናት ትንፋሽህ ማለፍ የለበትም። ስታቃናው ደግሞ ማለፍ አለበት። ተገልብጦ ካሳለፈ መልስለት። ሻጩ ይህችን ፈተና እንቢ ካለ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፍ። አዲስም ስትገዛ አድርጋት፤ ኮፒ ከካርቶኑ ሲወጣ የሚያፈስበት ጊዜ አለ።

ማታ ማታ የነዳጁን መዝጊያ እየዘጉ መክረም ለጊዜው ያስታግሳል። ነገር ግን ሲያፈስ ካደረ፣ የትኛውንም ግዛ፣ ከማስነሳትህ በፊት የዘይት መለኪያዋን አውጥተህ አሽትት። ቤንዚን ከሸተተ ወይም ዘይቱ ከልኩ ከፍ ካለ ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ ወርዷል። በዚያ ዘይት አታስነሳው፤ ቀይረው።