ማናቲን ለማየት፦ አብሮ መዋኘት ወይስ ከዳር ሆኖ መመልከት?

በብርዱ ወራት አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ የሚሄድ ሰው ማናቲን (ሣር የሚበላ ትልቅ የውሃ አጥቢ እንስሳ) ለማየት ሁለት ጥሩ ምርጫዎች አሉት። ክሪስታል ሪቨር ውሃ ውስጥ ገብቶ አብሯቸው መዋኘት፣ ወይም ብሉ ስፕሪንግ ፓርክ ከእንጨት መረማመጃው ላይ ሆኖ መመልከት።

ወጪ፦ ብሉ ስፕሪንግ የመግቢያ ክፍያው በመኪና ስለሆነ ቤተሰቡ ሁሉ በጥቂት ዶላር ይገባል። ክሪስታል ሪቨር ጀልባና አስጎብኚ አለው፤ ክፍያው በሰው ነው፣ ከበድ ይላል።

ምቾት፦ መረማመጃው ለሕፃንም ለአዛውንትም ይሆናል። ለመዋኘት ግን ብርድ መቻል ያስፈልጋል፤ ማናቲዎቹ የሚሰበሰቡበት የምንጭ ውሃ 22 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው።

ለእንስሳው ያለው አደጋ፦ ዋናው ነገር ይሄ ነው። ማናቲ 3 ሜትር ቢደርስም ብርድ አይችልም። ከ20 ዲግሪ በታች በሆነ ውሃ ብዙ ከቆየ ይታመማል፣ ሊሞትም ይችላል። ወደ ምንጩ የሚመጣው ለመሞቅና ለማረፍ ነው። ሰው ካስቸገረው ወደ ቀዝቃዛው ወንዝ ይወጣል። ለዚህም ነው ብሉ ስፕሪንግ በማናቲ ወቅት ዋና የሚከለክለው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እዚያ የሚቆጠሩት ጥቂት ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ በመቶዎች ይመጣሉ። ክሪስታል ሪቨር መዋኘት ይፈቀዳል፤ ማሳደድና መክበብ ግን በሕግ ክልክል ነው።

ኑሯቸውን ለመረዳት፦ እኔ ከላይ ማየቱን እመርጣለሁ። እናትና ግልገል ጎን ለጎን ሲሄዱ፣ ለመተንፈስ ብቅ ሲሉ፣ ጀርባቸው ላይ ጀልባ የተወው ጠባሳ ሳይቀር በደንብ ይታያል።

ልጆች ካሉ ወይም ረጋ ብሎ መመልከት ከፈለጉ ብሉ ስፕሪንግ። ዋና ከቻሉና እጅዎን ሰብስበው ዝም ብለው መንሳፈፍ ከሆነልዎ ክሪስታል ሪቨር። በጣም በቀዘቀዘ ቀን ግን ውሃውን ለእነሱ ይተዉላቸው።