ሺማኖ 105 አር7000 የፊት ዲሬይለር፦ ከ9 ወር በኋላ

ይህን የብስክሌት ዲሬይለር ካስገጠምኩት 9 ወር ሆነኝ፤ ቆጣሪዬ 4,200 ኪሎ ሜትር ገደማ መዝግቧል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ግን ባይነሱ ይሻላል። ሽርርርር… ሽርርርር። አብሮኝ የሚነዳው ጓደኛዬ ከኋላዬ ሲደርስ ሰላምታ እንኳን ሳያስቀድም «ያቺ ፌንጣህ ዛሬም አለች?» ይለኝ ነበር።

ለአዲስ ሰው በአጭሩ፦ የፊት ዲሬይለር ካቴናውን በሁለቱ የፊት ማርሾች መካከል የሚያመላልሰው ዕቃ ነው። ካቴናው በሁለት የብረት ጉንጮች መሃል ያልፋል። በግራ እጅ ያለውን ማንሻ ስንጫን ሽቦው ይሳብና ጉንጮቹ ወደ ውጭ ይሄዳሉ፤ ሽቦው ሲለቀቅ ሞላው ወደ ውስጥ ይመልሳቸዋል። ካቴናው ከሁለቱ ጉንጮች አንዱን እየነካ ሲያልፍ ያቺ ፌንጣ ትጮሃለች።

የእኔ ብስክሌት ከፊት 50 እና 34 ጥርስ አለው፤ ከኋላ ደግሞ ከ11 እስከ 28 ጥርስ ያላቸው 11 ማርሾች። አር7000 በ2018 የወጣ፣ ለ11 ማርሽ የተሠራ ዕቃ ነው። በፊት ማርሾቹ መካከል የሚቀበለው ልዩነት እስከ 16 ጥርስ ስለሆነ 50/34 ልክ ድንበሩ ላይ ይቀመጣል። ስለ መልኩና ስለ ክብደቱ የምለው የለኝም፤ ጥቁር ነው፣ ትንሽ ነው፣ ፔዳል እየመቱ ማንም አያየውም።

ያስገጠምኩት በባለሙያ ነበር። ብስክሌቱን ስረከብ ፔዳሉን አዙሮ አሳየኝ፤ ድምፅ የለም። ካቴናው ግን ከኋላ መሃለኛው ማርሽ ላይ ነበር፤ እዚያ ላይ ደግሞ በደንብ ያልተስተካከለ ዲሬይለርም ዝም ይላል። የሚፈተነው ጫፍና ጫፉ ላይ ነው። ይህን ያወቅኩት ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው። ካቴናው ከፊት በትልቁ፣ ከኋላ ደግሞ በትልልቆቹ ማርሾች ላይ ሲሆን ጩኸቱ ጀመረ።

ከዚያ የሠራሁት ስህተት ብዙ ሰው የሚሠራው ይመስለኛል፤ ብሩጎላ (ባለ ስድስት ጎን መፍቻ) አንስቼ የመጀመሪያውን ያየሁትን ብሎን አዞርኩ። ዲሬይለሩ ላይ «ኤል» እና «ኤች» የሚባሉ ሁለት የገደብ ብሎኖች አሉ። ኤል ጉንጮቹ ወደ ቴላዮው (የብስክሌቱ ዋና አካል) ምን ያህል እንደሚጠጉ፣ ኤች ደግሞ ወደ ውጭ ምን ያህል እንደሚሄዱ ይወስናል። እኔ ኤችን አንድ ሙሉ ዙር ፈታሁት። ጩኸቱ አልቀነሰም። በማግስቱ ወደ ትልቁ ማርሽ ስቀይር ካቴናው ማርሹን ዘሎ በውጭ በኩል የፔዳሉ ክንድ ላይ ወደቀ። የአውራ ጣት ጥፍር የሚያክል ጭረት እስካሁን እዚያው አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንኛውንም ብሎን ሳዞር ስንት ሩብ ዙር እንዳዞርኩ እየቆጠርኩ ነው፤ ካልጠቀመ ወደነበረበት እመልሰዋለሁ።

መፍትሔው ከማርከር መጣ። የሁለቱንም ጉንጮች ውስጠኛ ፊት በማርከር ቀባሁና ጥቂት ኪሎ ሜትር ነዳሁ። ስመለስ ቀለሙ የጠፋው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነበር፤ የውስጠኛው ጉንጭ የኋላ ጫፍ። ጉንጩ ከፊት እስከ ኋላ እኩል ቢነካ ኖሮ ሽቦውን ወይም ብሎኑን እጠረጥር ነበር። ጫፉ ብቻ ሲነካ ግን ዲሬይለሩ ራሱ ተጣሞ ተገጥሟል ማለት ነው። ከላይ ቁልቁል ሳየው እውነትም የውጩ ጉንጭ ከማርሹ ጋር ትይዩ አይደለም፤ ጭራው ወደ ውጭ ወጣ ብሏል፣ ገርበብ እንደተደረገ በር። ከፍታውም ልክ አልነበረም። በውጩ ጉንጭ የታችኛው ጠርዝና በትልቁ ማርሽ ጥርሶች ጫፍ መካከል ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ነው መኖር ያለበት፤ የእኔ ወደ 5 ይጠጋ ነበር። ለመለኪያ የተጠቀምኩት ባለ 2 ሚሊ ሜትር ብሩጎላውን ራሱን ነው፤ በመሃል ሲገባ ሁለቱንም ወገን ለስለስ ብሎ ከነካ ይበቃል።

እንግዲህ ሁሉን ፈትቼ ከመጀመሪያ ጀመርኩ። ሽቦው ተስቦ እያለ አቀማመጡን ለማስተካከል መሞከር ትርፉ ድካም ስለሆነ መጀመሪያ ሽቦውን ፈታሁት። የእኔ ዲሬይለር የሚታሰረው ቴላዮው ላይ ባለ መያዣ ነው፤ እንዲህ ሲሆን ከኋላው ቴላዮውን የሚደግፍ አንድ ትንሽ ብሎን አለው። ሲጠብቅ ጭራውን ወደ ውጭ ይገፋል። የእኔ ጭራ የተጣመመው ይኸው ብሎን ከልክ በላይ ጠብቆ ነው። አላልቼው፣ ዲሬይለሩን ዝቅ አድርጌ፣ ጭራውን ከሚፈለገው በትንሹ ወደ ውስጥ ጠምዝዤ አሰርኩት። ከዚያ የድጋፉን ብሎን ቀስ በቀስ እያጠበቅኩ ጉንጩ ከማርሹ ጋር ትይዩ ሲሆን አቆምኩ። ብሎኑ ቴላዮውን እንዳይጎዳ በመሃል የምትለጠፈዋን ቀጭን ሳህን መርሳት አይገባም።

ቀጣዩ ቅደም ተከተል ነው፤ እሱን ማዛባት ደግሞ ሥራውን ሁለቴ ያሠራል። ካቴናውን ከፊት ትንሹ፣ ከኋላ ትልቁ ማርሽ ላይ አድርጌ ኤልን አስተካከልኩ፤ በውስጠኛው ጉንጭና በካቴናው መካከል ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳን የማይሞላ ክፍተት። ከዚያ ሽቦውን ወጠር አድርጌ አሰርኩ። የሽቦውን ውጥረት የፈተሽኩት ግን ሁለቱም ትልቅ ማርሽ ላይ ሆኖ፣ ማንሻውን የትሪም ቦታው ላይ (ጉንጮቹን በጥቂቱ ብቻ የሚያስጠጋው መካከለኛ ቦታ፤ ከታች እመለስበታለሁ) አድርጌ ነው። እዚያ ላይም ክፍተቱ ያው ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው። ኤች የመጨረሻው ነው፤ ከፊት ትልቁ፣ ከኋላ ትንሹ ማርሽ፣ በውጩ ጉንጭ በኩል።

ስለ ትሪም ትንሽ ልቆይ፤ ዲሬይለሩን ጥፋተኛ ያደረግኩት ግማሹ ይህን ባለማወቅ ነውና። ካቴናው ትልቁ የፊት ማርሽ ላይ እያለ ትንሿን ማንሻ እስከ መጨረሻ ሳይጫኑ ቀለል አድርገው ቢነኳት «ቀጭ» ትልና ጉንጮቹ በጥቂቱ ወደ ውስጥ ይጠጋሉ፤ ካቴናው ግን ከማርሹ አይወርድም። ትንሹ ማርሽ ላይ ሲሆን ደግሞ ትልቋን ማንሻ ቀለል አድርገው ሲነኩ በጥቂቱ ወደ ውጭ ይወጣሉ። ለወራት ስነዳበት በነበረው ማንሻ ላይ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን ማንም አልነገረኝም፤ ያው፣ መመሪያውን ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

ያን ዕለት ማታ ፌንጣዋ ጠፋች።

ለዘላለም ግን አይደለም። 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳሁ በኋላ በሌላ በኩል ብቅ አለች፦ ከፊት 50፣ ከኋላ 11፣ የውጩ ጉንጭ። ብዙ ሰው ይህን «ሽቦው ተለጠጠ» ይለዋል፤ አብዛኛው ግን የሽቦው ሽፋን ጫፎች ቦታቸውን ይዘው ሲደላደሉ የሚፈጠር መላላት ነው። አር7000ን ከልብ የወደድኩት እዚህ ላይ ነው። ብዙ ዲሬይለሮች ሽቦውን ለማጥበቅ በመንገዱ ላይ የተገጠመ ሌላ ማስተካከያ ይፈልጋሉ፤ ይህኛው ግን ማጥበቂያውን ራሱ ላይ ይዞታል። በ2 ሚሊ ሜትር ብሩጎላ ሩብ ዙር፣ ከዚያ ሌላ ሩብ ዙር አጠበቅኩት፤ አለቀ። ሽቦ መፍታት የለም፣ ፒንሳ የለም። የብሎኑ ጭንቅላት ትንሽ ስለሆነ ብሩጎላውን ከማስገባቴ በፊት በድሮ የጥርስ ብሩሽ አጸዳዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ የነካሁት አንዴ ብቻ ነው።

አምስተኛው ወር ላይ ደግሞ ሌላ ዓይነት ድምፅ መጣ። ይህኛው ተከታታይ አልነበረም፤ ትክ… ትክ… ትክ፣ ፔዳሉ አንድ ዙር በዞረ ቁጥር አንዴ። እጄ ወደ ብሩጎላው ሲሄድ የፔዳሉ ክንድ ላይ ያለው ጭረት ታየኝና ተውኩት። ጉንጮቹ ባሉበት ቆመው ድምፁ ከፔዳሉ ዙር ጋር ከመጣ፣ የሚወዛወዘው ማርሹ ነው። ፔዳሉን በቀስታ እያዞርኩ በማርሹና በጉንጩ መካከል ያለውን ክፍተት ሳይ አንድ ቦታ ላይ ይጠብባል። ማርሹን ከያዙት አራት ብሎኖች አንዱ ላልቶ ኖሯል። አጠበቅኩት፤ ዲሬይለሩን በጣቴም አልነካሁትም።

ዛሬ የሚቀሩኝ ሁለት ድምፆች ናቸው። ቆሜ ዳገት ስገፋ አልፎ አልፎ ሽር ይላል፤ ተቀምጬ ስነዳ ስለሌለና የፔዳሉን ኩሽኔታም ነቅንቄ መላላት ስላጣሁበት፣ ከጉልበት የተነሳ የሚመጣ መተጣጠፍ ነው ብዬ ትቼዋለሁ። ሁለተኛው ካቴናው ከፊትም ከኋላም ትንሹ ማርሽ ላይ ሲሆን ነው። እዚያ ላይ በትሪምም ቢሆን ካቴናው በጣም ስለሚያዘነብል የትልቁን ማርሽ ጎን ይዳስሳል፤ ይህ በዲሬይለር የሚስተካከል አይደለም። ወደ ትልቁ ማርሽ ቀይሬ ከኋላ አራት አምስት ማርሽ ስመለስ ያንኑ ፍጥነት በጸጥታ አገኘዋለሁ።

የውስጠኛው ጉንጭ ጫፍ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የፋቁት የሚያብረቀርቅ መስመር አለ፤ ከዚያ ወዲህ አልሰፋም። መገጣጠሚያዎቹ ላይ በወር አንዴ ጠብታ ዘይት አደርጋለሁ፤ ሞላው እንደ መጀመሪያው ቀን ይመልሳል። ይህ ዲሬይለር ቢሰበርብኝ ያንኑ እገዛለሁ፤ የምገጥመው ግን እኔው ነኝ።