በደሴ ጀርመንኛ ላስተማሩኝ መምህሬ ምስጋና፤ ወደ ጀርመን ለምታስቡም ጥቆማ

ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመርቄ ዛሬ ጀርመን አገር የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴን የምከታተል የደሴ ልጅ ነኝ። ይህን የምጽፈው ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ በመኖሪያ ቤታቸው ጀርመንኛ የሚያስተምሩ እናት ለዋሉልኝ ውለታ በአደባባይ ለማመስገንና፣ ለትምህርት ወደዚህ ለመምጣት የምታስቡ የወሎ ልጆች ደጃቸውን እንድታንኳኩ ለመጠቆም ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ፣ መምህሬ እያልኩ እቀጥላለሁ።

የተቀበለኝ የትምህርት ክፍል የሚያስተምረው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ጉዳዬን ሲከታተልልኝ የነበረው ሰው ጀርመንኛ መማር ጊዜና ገንዘብ ማባከን ነው ብሎኝ ነበር። መምህሬ ግን ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ የሚማር ተማሪም ከክፍል ሲወጣ የሚኖረው በጀርመንኛ እንደሆነ በግልጽ ነገሩኝ። እውነታቸውን ነበር። እዚህ አገር ቤት የተከራየ ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ በከተማው የነዋሪዎች ምዝገባ ቢሮ አድራሻውን ማስመዝገብ አለበት። የኪራይ ውሉ፣ ከጤና መድን የሚላከው ደብዳቤ፣ ከውጭ ዜጎች ጉዳይ ቢሮ የሚመጣው የቀጠሮ ወረቀት በአብዛኛው በጀርመንኛ የተጻፈ ነው። ሕጉ ለውጭ አገር ተማሪ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን እንዲሠራ ቢፈቅድም፣ ቋንቋውን ለማይችል ሰው በካፌም ሆነ በሱቅ የሚገኘው የሥራ ዕድል ጠባብ ነው።

መምህሬ ይህን ሁሉ ስለሚያውቁ የሚያስተምሩት ከመጽሐፍ ብቻ አልነበረም። የአድራሻ ማስመዝገቢያውን ቅጽ አባዝተው ለእያንዳንዳችን ሰጥተው አስሞልተውናል። የቤተሰብ ስም በሚጠይቀው ሳጥን ላይ ሁላችንም ስናመነታ፣ ስማችን በፓስፖርታችን ላይ የሰፈረበትን አጻጻፍ አንዲት ፊደል ሳንጨምርና ሳንቀንስ በየወረቀቱ እንድንደግመው አለማመዱን። የአባቱን ስም አንድ ቦታ በአንድ ዓይነት፣ ሌላ ቦታ በሌላ ዓይነት ፊደል የሚጽፍ ሰው ምን ያህል እንደሚጉላላ እዚህ ስለማይ፣ ይህቺን ትምህርት ከሁሉ አስበልጬ አመሰግንባቸዋለሁ።

ማዳመጥ ላይ ያላቸው ትዕግሥት ደግሞ የተለየ ነው። ጀርመኖች «ሃልብ አኽት» ሲሉ የእኛ ሰው ስምንት ተኩል ይመስለዋል፤ እነርሱ ግን ሰባት ተኩል ማለታቸው ነው። ያ ደግሞ ጠዋት ከሆነ በእኛ አቆጣጠር አንድ ሰዓት ተኩል ስለሆነ ግራ መጋባቱ ይደራረባል። መምህሬ የግድግዳውን ሰዓት አውርደው፣ ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው፣ ቆጣሪዎቹን በጣታቸው እያዞሩ ሁላችንም ሳናቅማማ እስክንመልስ ድረስ ይጠይቁናል። በአማርኛ የሌለውን ድምፅ ለማስለመድም ትንሽ መስታወት ያስይዙንና፣ «ኡ» እንደሚል ሰው ከንፈራችንን አሹለን «ኢ» እንድንል ያደርጉናል። «ቫይል» ከሚለው ምክንያት ገላጭ ቃል በኋላ ግሱ ወደ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ መሄዱ ሲያስቸግረን፣ «እናንተ እኮ ግሱን መጨረሻ እያደረጋችሁ ነው ያደጋችሁት፤ እንግሊዝኛውን ተዉትና እንደ አማርኛችሁ አስቡት» ይሉን ነበር፤ እውነትም ከዚያ በኋላ ቀለለን። መብራት የሚጠፋበትን ቀን ስለሚያውቁት፣ በአማርኛ ዝግጅቱ የምናውቀው ዶይቸ ቬለ ለቋንቋው ተማሪዎች በዝግታ የሚያነበውን ዜና አስቀድመው በስልካቸው ጭነው ያቆዩልናል። በረመዳን ወር የማታውን ክፍል ወደ ጠዋት ያዞሩልን እንደነበርም ሳልጠቅስ አላልፍም።

ፈተናን በተመለከተ ጥብቅ ናቸው፤ ጥብቅነታቸውም ለእኛ በማሰብ ነው። የጀርመን የባህልና የቋንቋ ተቋም የሆነው የጎተ ኢንስቲትዩት ፈተና የሚሰጠው አዲስ አበባ በመሆኑ ከደሴ ለሚነሣ ሰው 400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ፣ ማደሪያና የፈተና ክፍያ አለበት። ስለዚህ ማንንም ሳይዘጋጅ አይልኩም። ቢ1 የተባለውን የመካከለኛ ደረጃ ፈተና አራት ክፍሎች፣ ማለትም 65 ደቂቃ የሚፈጀውን ንባብ፣ 40 ደቂቃ ያህል የሚፈጀውን ማዳመጥ፣ የ60 ደቂቃውን ጽሑፍና ከሌላ ተፈታኝ ጋር የሚደረገውን ንግግር፣ ሰዓት ይዘው እንደ እውነተኛው ፈተና ያስፈትኑናል። በእያንዳንዱ ክፍል ከ100 ቢያንስ 60 ነጥብ ያስፈልጋል። አንዱን ክፍል የወደቀ ሰው ያንኑ ብቻ መድገም እንደሚችልም የነገሩን እርሳቸው ናቸው፤ ይህንን ባለማወቅ ተስፋ ቆርጦ የሚቀር ወጣት ብዙ ነው።

በውስጥ መስመር ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ስለ ደረጃዎቹ ጥቂት ልበል። በጀርመንኛ ለሚሰጥ የዲግሪ ትምህርት ዩኒቨርሲቲዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ከሚሰጡት የጀርመንኛ ፈተናዎች መካከል የዲኤስኤችን ሁለተኛ ደረጃ ወይም በቴስትዳፍ አራቱም ክፍሎች የ4 ውጤትን ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤቱ በቀጥታ የማያስገባው ተማሪ የሚማርበት ሽቱዲየንኮሌግ የተባለው መሰናዶ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቢ1 ወይም ከእርሱ አንድ ደረጃ ከፍ የሚለውን ቢ2 ይጠይቃል። የየተቋሙ መስፈርት ስለሚለያይ ከማመልከታችሁ በፊት ከራሱ ከዩኒቨርሲቲው ገጽ አንብቡ።

መምህሬ የሚያስተምሩት ከጀማሪ እስከ ቢ1 ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ የሚፈልገውን ሰው ለተጨማሪ ክፍያ ሲሉ አያቆዩትም፤ አዲስ አበባ ሄዶ እንዲቀጥል ይመክሩታል። የቪዛ ጉዳይም አያስፈጽሙም፤ ስለዚህ ለዚያ ብላችሁ አታስቸግሯቸው። ክፍያቸው ለተማሪ ቤተሰብ የሚከብድ አይደለም፤ ችግር ላለበትም በየወሩ ከፋፍለው ይቀበላሉ። የቤት ሥራ ሳይሠራ የሚመጣን ተማሪ ግን አይታገሡም።

መምህሬ፣ የዛሬው ኑሮዬ የቀለለው በእርስዎ ድካም ነው። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ውለታዎን አልረሳም።

ክፍላቸው ጠባብ ስለሆነ በአንድ ዙር የሚቀበሉት ጥቂት ተማሪዎችን ነው። መመዝገብ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እርሳቸውን አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። ስትሄዱ ፓስፖርታችሁንና አንድ ባዶ ደብተር ይዛችሁ ሂዱ።