ፓንቶን ከለር ብሪጅ፦ ከማተሚያ ቀለም ወደ ስልክ ስክሪን

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ዲዛይን እሠራለሁ። ብዙ ደንበኞቼ ከኮምቦልቻ ይመጣሉ። መጀመሪያ ያሳተሙት ሌብል ወይም ካርቶን አላቸው፤ አሁን ደግሞ ያንኑ ቀለም ለቴሌግራም ቻናላቸው ይፈልጉታል። ለዚህ ሥራ ከእጄ የማልለየው ፓንቶን ከለር ብሪጅን ነው።

ፓንቶን ለየቀለሙ ቁጥር የሚሰጥ ኩባንያ ነው፤ ከለር ብሪጅ ደግሞ እሱ የሚያወጣው፣ እንደ ማራገቢያ የሚዘረጋ የቀለም መጽሐፍ ነው። እያንዳንዱ ቀለም ጎን ለጎን ሁለት ጊዜ ታትሟል፦ አንዴ ለብቻው ተቀምሞ፣ አንዴ በአራቱ የማተሚያ ቀለሞች፣ ማለትም በሲኤምዋይኬ። የሲኤምዋይኬ ቁጥሩም፣ ለስክሪን የሚያገለግሉት የአርጂቢና የሄክስ ቁጥሮችም አብረው ተጽፈዋል።

አንድ የበርበሬ ነጋዴ ሌብላቸውን ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ስልክ ላይም ይኸው ቀይ ይሁንልኝ» አሉ። «አብሽሩ» አልኳቸው። ሌብሉ አርት ፔፐር በሚባለው የሚያብለጨልጭ ወረቀት ላይ በፓንቶን 485 የታተመ ነው። የሲኤምዋይኬ ቁጥሩ 0፣ 95፣ 100፣ 0 ነው። ይህን ኢንተርኔት ላይ ላለ ተራ የቀለም ቁጥር መቀየሪያ ብትሰጡት በአርጂቢ 255፣ 13፣ 0 ብሎ ይመልሳል። ዓይን የሚወጋ ቀይ! ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከአርጂቢ ትልቁ ቁጥር፣ ከ255 ላይ ፐርሰንቱን ቀንሶ ነው የሚያወጣው። ስለ ቀለሙም ስለ ወረቀቱም የሚያውቀው የለም። መጽሐፉ ግን 218፣ 41፣ 28 ይላል። ረጋ ያለ፣ ትንሽ ጠቆር ያለ ቀይ ነው። ሰውየው ስልካቸውን ከሌብሉ አጠገብ ያዙና «አዎ፣ ይኸው ነው» አሉ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እናገራለሁ። የአርጂቢ ቁጥሩ የሚወክለው ለብቻው የተቀመመውን ቀለም ነው። የደንበኛው ካርቶን በአራቱ ቀለም ከታተመ ነገሩ ይለያል። ብርቱካናማውን 021 ገልጣችሁ ሁለቱን ጎኖች አስተያዩ፤ የአራቱ ቀለም ፍዝዝ ያለ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ «በምን ታተመ?» ብላችሁ ጠይቁ።

መጽሐፉ በሁለት ይመጣል፦ «ሲ» ለሚያብለጨልጭ ወረቀት፣ «ዩ» ለተራ ወረቀት። ተራው ወረቀት ቀለም ስለሚመጥ ያው 485 እንኳ ደብዘዝ ይላል፤ የስክሪን ቁጥሩም ሌላ ነው።

ሁሉን ይፈታል አልልም። እንደ 801 ያለ የሚንቦገቦግ ቀለም፣ ወርቃማና ብርማ ቀለም ስክሪን ላይ በትክክል አይወጣም። የስልኩ ስክሪን ቀለም ማድመቂያ ከበራም ቁጥሩ ምንም ቢሆን ቀዩ ይጋነናል። ስታስተያዩ መስኮት አጠገብ ሁኑ። ቢጫ አምፖል ሥር የተመረጠ ቀለም፣ የጦሳን ተራራ ጉም በሸፈነው ቀን ውጭ ሲታይ ሌላ ነው።

ዋጋው ውድ ነው፣ ደሴ ሱቅ ውስጥም አላየሁትም። የእኔን ከውጭ የመጣ ዘመድ ነው ያመጣልኝ። ያም ሆኖ ይሻለኛል። አብዛኛው የፓንቶን ቀለም በፈረንጆቹ 2022 መጨረሻ ከፎቶሾፕና ከኢሉስትሬተር ወጥቶ በክፍያ ሆኗል። በየጊዜው ዶላር መክፈል ለእኛ ከባድ ነው፤ መጽሐፉ ኔትወርክም ካርድም አይጠይቅም።

ባነር ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ይቅርባችሁ። የታተመ ምርት ላላቸው ደንበኞች የምትሠሩ ግን ግዙት። ያገለገለ ካገኛችሁ የወረቀቱን ጠርዝ ከመሃሉ ጋር አስተያዩ። ጠርዙ ቢጫ ካለ አትውሰዱት፤ ኩባንያው ራሱ ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ይቀየር ይላል። የእኔን ጨርቅ ከረጢት ውስጥ አድርጌ ከፀሐይ አርቄ መሳቢያ ውስጥ ነው የማኖረው።