የቆዳ ኪንታሮት፦ አሲድ ወይስ ናይትሮጅን?

እጅ ወይም እግር ላይ ኪንታሮት ሲወጣ ብዙ ሰው ወይ ሳሊሲሊክ አሲድ (የኪንታሮቱን ቆዳ ቀስ በቀስ የሚልጥ መድኃኒት) ይቀባል፣ ወይ ሐኪም ጋ ሄዶ ኪንታሮቱን አቀዝቅዞ በሚገድል ፈሳሽ ናይትሮጅን ያስመታዋል። እኔ መጀመሪያ አሲዱን እላለሁ። ርካሽ ነው፣ ቤት ውስጥ ይሠራል፣ ብዙም አያምም። ግን ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ቦታውን ለብ ባለ ውሃ 5 ደቂቃ ያህል መዘፍዘፍ፣ የለሰለሰውን ነጭ ቆዳ በጥፍር ሞረድ ቀስ አድርጎ መፋቅ፣ ከዚያ ጤነኛውን ቆዳ ሳያስነኩ መቀባት፣ ይሄንንም በየቀኑ እስከ 12 ሳምንት ድረስ። ብዙ ሰው መሃል ላይ ይሰለችና "መድኃኒቱ አይሠራም" ይላል። ሞረዱን ለማንም እንዳታውሱ፣ ኪንታሮቱን የሚያመጣው ቫይረስ ይተላለፋል።

ናይትሮጅኑ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ነው። በሰከንዶች ያልቃል፣ ግን ያማል፣ ውሃም ሊቋጥር ይችላል። በአንዴ ስለማይለቅ በየ2 ወይም 3 ሳምንቱ መመላለስ አለ። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ደግሞ ነጣ ያለ ምልክት ሊተው ይችላል፤ ይሄ አስቀድሞ መነገር አለበት ባይ ነኝ። ለትንሽ ልጅ አልመርጠውም፣ የልጆች ኪንታሮት ብዙውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል።

ፊት ወይም ብልት አካባቢ ከሆነ ግን አሲዱን እንዳትሞክሩት። ስኳር ያለበት ሰውም እግሩን ከመነካካቱ በፊት ሐኪም ያናግር።