አዳማ ላይ «አዲስ» ተብሎ የሚሸጥ የፍሬን ማስተር፦ ካርቶኑን ሳትከፍቱ ብር አትክፈሉ

አዳማ ያላችሁ፣ በተለይ ቪትዝና ኮሮላ የምትነዱ፣ ይህን ሳታነቡ የፍሬን ማስተር እንዳትገዙ፤ ፔዳሉን ስትረግጡ የፍሬን ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋውን ማለቴ ነው። ያገለገለ ማስተር ታጥቦ፣ ጎሚኒው (ውስጡ ዘይቱን የሚይዘው ላስቲክ) ተቀይሮለት፣ የጃፓን ስም የተጻፈበት ካርቶን ውስጥ ገብቶ «አዲስ ኦርጅናል» እየተባለ ይሸጣል። ለኔ ተሽጦልኛል።

ያገለገለ ዕቃ መሸጥ በራሱ ነውር የለውም። ብዙዎቻችን የምንነዳው ከተፈታ መኪና በወጣ ዕቃ ነው። «ያገለገለ ነው» ብሎ በዋጋው የሸጠላችሁ ሰው አልበደላችሁም። እዚህ ግን አሮጌው በአዲስ ዋጋ ነው የተሸጠው፣ ያውም ፍሬን።

የቪትዜ ፔዳል መስመጥ ጀምሮ ነበር። መብራት ላይ ፍሬን ይዤ ስቆም ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። ዘይቱ አይጎድልም፣ ጎማዎቹ ጋም የሚፈስ ነገር የለም። ይህ ብዙ ጊዜ ማስተሩ ውስጥ ያለው ጎሚኒ መያዝ ሲያቆም የሚመጣ ምልክት ነው። ዘይቱ ወደ ጎማ መሄዱን ትቶ በጎሚኒው ጎን ሾልኮ ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል። ስለዚህ አዲስ ገዝቼ ግቢዬ ውስጥ ራሴ ቀየርኩት።

ሻጩ አፈ ቅቤ ነው። «ጃፓን ነው አለቃ፣ ትረሳዋለህ» አለኝ። ከዚያ የተለመደችው ጥያቄ መጣች፦ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ያለ ደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶው ቫት ይቀርልሃል ማለቱ ነው። በደረሰኝ ስለው ፊቱ ጠቆር አለ። ቀጠለና «አሮጌውን ካመጣህልኝ እቀንስልሃለሁ» አለ። ይህቺን ንግግር ያዙልኝ።

ከተገጠመ በኋላ ፔዳሉ ለትንሽ ጊዜ ጥሩ ነበር። ከአሰላ ስመለስ፣ ከኢተያ ወደ ዴራ ቁልቁለቱን ስይዝ ያው መስመጥ ተመለሰ። መንገዱን የምታውቁት ይገባችኋል። ማርሽ ቀንሼ፣ ዳር ይዤ፣ እየተሳቀቅሁ ወረድኩ።

ወደ ሱቁ ስመለስ መልሱ ዝግጁ ነበር። «የገጠምከው አንተ ነህ፣ አየር አስገብተህበታል። ጋራዥ ያልገጠመውን አንመልስም።» ብልጥ መልስ ነው፤ አየር የገባበት ፍሬንም ፔዳሉን ያበላሻል። ነገር ግን ይለያያሉ። አየር ካለ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል፣ ደጋግማችሁ ስትረግጡት ደግሞ ከፍ ይላል። ጎሚኒው የማይዝ ማስተር ግን ረግጣችሁ ስትይዙት በዝግታ ይሰምጣል።

ክርክሩን የዘጉልኝ ጎረቤቴ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መካኒክ። ቱቦዎቹን ከማስተሩ ፈቱና ቀዳዳዎቹን በልካቸው በድፍን ቡሎን ደፈኗቸው። «በል ርገጠው» አሉኝ። አሁን ቱቦም ጎማም የሉበትም፤ ፔዳሉ ፍንክች ማለት አልነበረበትም። ሰመጠ። «ልጄ፣ አየር አይደለም፤ ማስተሩ ራሱ ነው» አሉ። አውጥተን ስንፈታው ጎሚኒው አዲስ ነው፣ የሲሊንደሩ ውስጥ ግን ተጭሯል፣ ዝገት መሰል ነጠብጣብም በልቶታል። የአሉሚኒየም ማስተር ውስጡ ቀጭን ጠንካራ ሽፋን አለው። እሱ ካለቀ በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ጭራሽ ያባብሰዋል። እንዲህ ባለ ግድግዳ ላይ የሚመላለስ ጎሚኒ ምን ያህል ሊቆይ ይችላል?

እንግዲህ ሱቅ ውስጥ ምን ታያላችሁ? ካርቶኑን እዚያው አስከፍቱ። መጀመሪያ ከሰርቮው (የእግራችሁን ግፊት ከሚያግዘው ክፍል) ጋር የሚታሰርበትን ጆሮ እዩ። ዳዶ ያረፈበት ክብ ጭረት ካለ ያ ማስተር መኪና ላይ ታስሮ ያውቃል፤ ምንም ቢምሉላችሁ። ቀጥሎ የቱቦ ቀዳዳዎቹን በስልካችሁ መብራት እዩ። የቱቦው ጫፍ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ የቀለበት ምልክት ካለ፣ ወይም ጥርሱ ውስጥ የብር ቀለም ከገባ፣ መልሱለት። የኔ ጥርሱ ውስጥ ቀለም ነበረው። አዲስ የአሉሚኒየም ማስተር ደግሞ ብዙ ጊዜ በተፈጥሮ መልኩ ነው የሚመጣው፣ በቀለም አይነፋም። ፒስተኑን በካቻቢቴ እጀታ ገፋ አድርጉት፤ ሳይደናቀፍ መመለስ አለበት። ጥቁር ዘይት ከተፋ ነገሩ አለቀ።

ቁጥሩንም አትለፉት። የቶዮታ የፍሬን ማስተር ቁጥር ብዙ ጊዜ በ47201 ይጀምራል፣ የጎሚኒው ኪት ደግሞ በ04493። ካርቶኑ ላይ ያለውን ከመኪናችሁ ጋር አመሳክሩ። ብዙ ማስተር ላይ የውስጡ ስፋትም ይጻፋል፤ ለምሳሌ 13/16 ኢንች፣ ማለትም 20.6 ሚሊ ሜትር ገደማ። ከአሮጌው ጋር አንድ ይሁን። ከሰፋ ፔዳሉ ይከብዳል፣ ከጠበበ ሩቅ ይወርዳል። «ይገጥማል» ብቻውን መልስ አይደለም።

በምርቃት የሚሰጡትን የፍሬን ዘይትም ተዉት። ማሸጊያው የተከፈተ ወይም ስም የሌለው ጠርሙስ ከሆነ ምን እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ? የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መስፈርቱ የሚጠብቅበት 140 ብቻ ነው። በስህተት የሞተር ዘይት የተቀላቀለበት ከሆነ ደግሞ ጎሚኒውን ሁሉ ያሳብጠዋል።

ራሳችሁ የምትገጥሙ ከሆነ ሻጩ የሚያመካኝበት ነገር አትተዉለት። ሳይገጠም በፊት ሁሉንም ጎን ፎቶ አንሱ። በሞርሳ ይዛችሁ ዘይት ሙሉበትና አየሩን እዚያው አስወጡት። የሰርቮው ዘንግ ፒስተኑን ቀድሞ እንዳይገፋው ትንሽ ክፍተት ይኑር፤ አለዚያ ፍሬኑ እንደያዘ ይቀራል። የፈሰሰውን ዘይት ወዲያው በውኃ እጠቡ፣ ቀለም ይልጣል። በፍሬን ሥራ እጃችሁ ያልተፍታታ ከሆነ ለመካኒክ ስጡት፤ የመጀመሪያ ልምምድ በፍሬን አይሆንም።

ደረሰኙን ማንም እንዳያስጥላችሁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ ከገዛችሁበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ መልሳችሁ እንዲቀየርላችሁ ወይም ገንዘባችሁ እንዲመለስ የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ወረቀት ግድግዳው ላይ ስለተለጠፈ ብቻ ሕግ አይሆንም። እኔ ደረሰኙንና ፎቶዎቹን ይዤ ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አመልክቻለሁ። ጉዳዩ ገና ስላልተቋጨ የሱቁን ስም እዚህ አልጽፍም።

አሁን ወደዚያች «አሮጌውን አምጣልኝ» ወደምትለው ልመለስ። ለቁርጥራጭ ብረት ነው ካሉ በኪሎ ስንት ሊያወጣ ነው? ቅናሹ ከብረቱ ዋጋ በላይ ነው። የኔ ግምት እነዚህ ማስተሮች ታጥበው ወደ ካርቶን ይመለሳሉ የሚል ነው። ስለዚህ አሮጌያችሁን ስትጥሉ የሚታሰርበትን ጆሮ በመዶሻ ሰብራችሁ ጣሉት።