«ሙሉ የክረምት እንክብካቤ» የሚል ውል ከመፈረማችሁ በፊት ይህን አንብቡ

የምትሳሱላትን መኪና ለብርዱ ወራት ማቆያ መጋዘን ልታስገቡ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ እኔ የተሸወድኩበትን ልንገራችሁና ከዚያ ራሳችሁ ወስኑ። ክረምት የምለው የዝናቡን አይደለም፤ በረዶ የሚወርድበትን፣ መንገዱ ላይ ጨው የሚበተንበትን ነው።

መኪናዬ ቀይ፣ ባለሁለት በር፣ ዕድሜዋ ከ30 ዓመት ያለፈ ናት። ጨው እንዳይበላት ብዬ ነው ያስገባኋት። ሁለት ዓይነት ውል አቀረቡልኝ፤ ተራ ማቆሚያ፣ ወይም በእጥፍ ዋጋ «ሙሉ የክረምት እንክብካቤ»። እጥፍ የሚያስከፍለው በየሳምንቱ ሞተር ማስነሳት፣ የባትሪ ክትትልና «መከላከያ ልብስ» ስላለው ነው ተባልኩ። ለሚወዱት ነገር እጅ አያጥርም፤ ከፈልኩ።

ብርዱ ቶሎ ስለለቀቀ ከቀጠሮዬ ሁለት ሳምንት ቀድሜ ሄድኩ። ሠራተኛው ቁልፉን እያቀበለኝ «ባትሪው ትንሽ ደከም ብሏል» አለኝ። ኮፈኑን ስከፍት የባትሪው ጎን እንደተነፋ ጉንጭ አብጧል። በያዝኳት መለኪያ ብለካው 3.8 ቮልት። ሙሉ ቻርጅ ያለው ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሞተር ጠፍቶ ሲያርፍ 12.6 ወይም 12.7 ያነባል። 12.2 ቢሆን ደከም ብሏል ይባል ነበር። ይኼኛው ከሞተ ቆይቷል።

የክትትሉን ወረቀት እንዲያሳዩኝ ጠየቅሁ። 22 ሳምንት፣ 22 ራይት፣ ሁሉም በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ጽሑፍ። ቁጭ ብዬ ቀኑን ቆጠርኩ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ራይቶች ገና ያልደረሱ ሳምንታት ላይ ነበሩ። ወረቀቱን ወደ ሠራተኛው አዞርኩለት፤ ፈገግ አለና «ለማስተካከል እንዲመች ነው» አለኝ። ምኑን እንደሚያስተካክል እስካሁን አልገባኝም። ቆይቶ ግን አዘነልኝ መሰለኝ እውነቱን ተናገረ፤ እስከ ሰባተኛው ሳምንት ድረስ በየሳምንቱ አምስት አምስት ደቂቃ አስነስተዋታል፣ ከዚያ በኋላ እምቢ ስትላቸው ትተዋታል። ራይቱ ብቻ ቀጥሏል።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። እኔን ያናደደኝ ማስነሳቱን ማቆማቸው አይደለም፤ መጀመራቸው ነው። እጥፍ የከፈልኩበት አገልግሎት ራሱ መኪናዋን ይጎዳል። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ሞተሩ በደንብ ከጋለ እንፋሎቱ በጭስ ማውጫው በኩል ይሄዳል። በብርድ ተነስቶ አምስት ደቂቃ በሚኒሞ ብቻ (ቆሞ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ) ሠርቶ የሚጠፋ ሞተር ግን አይግልም፤ ውሃው ማርሚታው ውስጥ ይቀራል፣ ከፊሉ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። የዘይት መሙያውን ክዳን ስፈታ ከውስጡ ነጭ፣ እንደ ፊት ክሬም የወፈረ ነገር ተለጥፎበት አገኘሁ። ውሃና ዘይት ተደባልቀው የሚሠሩት ነው። መካኒኬ በጣቱ ዛቅ አድርጎ አሳየኝና ምንም ሳይናገር በጨርቅ ጠረገው።

ባትሪውንም አይረዳውም። የቆመች መኪና በሰዓቷ፣ በማንቂያ ደወሏና በሬዲዮዋ ማስታወሻ ጥቂት ኤሌክትሪክ ስትስብ ትውላለች። 50 ሚሊአምፒር ብቻ ብትስብ በቀን 1.2፣ በሳምንት ደግሞ ከ8 አምፒር ሰዓት (የባትሪ አቅም መለኪያ) በላይ ነው። ባለ 60 አምፒር ሰዓት ባትሪ እንዲህ ሲሳብ በ50 ቀን ባዶ ይሆናል። በሚኒሞ አምስት ደቂቃ መሥራት ያንን ሊመልስ አይችልም፤ የቀዘቀዘ ባትሪ ደግሞ ቻርጅ ለመቀበል ይለግማል። ሰባት ሳምንት 49 ቀን ነው፤ ሒሳቡን ለእናንተ ትቼዋለሁ። ከዚያ ቅዝቃዜው መጣ። ሙሉ ባትሪ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ቢሆንም አይረጋም። ባዶው ግን ውስጡ ያለው ፈሳሽ ከውሃ ብዙም አይለይም፣ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ገደማ ሲሆን በረዶ ይሠራል። የጎኑ እብጠት ከዚያ የመጣ ነው። ያበጠ ባትሪ ካጋጠማችሁ ቻርጅ ላይ አታድርጉት፤ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው ርካሽ መሆኑ ነው የሚያቃጥለው። ሲሞላ ራሱን የሚቀንስ፣ ሲጎድል ራሱ የሚሞላ ቻርጀር አለ፤ አንዴ ሰክተውት ይረሳል። ራሱን የማይቀንሰውን የድሮውን ዓይነት ግን ወራት ሙሉ ሰክተው ቢተዉት ባትሪውን ያደርቀዋል። መብራት በሌለበት መጋዘን ደግሞ የባትሪውን ነጌቲቭ ገመድ ፈትቶ ማስቀመጥ ከምንም ይሻላል፤ ቢሆንም ባትሪው በራሱም ስለሚቀንስ አልፎ አልፎ ቻርጅ ይፈልጋል።

«መከላከያ ልብስ» ያሉት ደግሞ ተራ ፕላስቲክ ሆኖ ተገኘ። ፕላስቲክ አይተነፍስም። ቀን ትንሽ ሲሞቅ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ከሥሩ ጤዛ ይይዛል፣ መሄጃም የለውም። ኮፈኑና ጣሪያው ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያክሉ ፊኛዎች ወጥተዋል፤ በጎን አይታዩም፣ እጅ ሲያልፍባቸው ነው የሚታወቁት። ሳያጥቧት ስላለበሷት ደግሞ አቧራው በልብሱ እየታሸ በሮቹን ጭሮልኛል። የሚተነፍስ የጨርቅ ልብስ፣ ከሥሩ ታጥቦ በደንብ የደረቀ መኪና፤ ሌላ ጥበብ የለውም። የታችኛው አካል መታጠብን አትርሱ፤ ጨው ይዛ የገባች መኪና ቆማም ትዝጋለች።

የእጅ ፍሬኑንም ስበው ነው የተዉት። የኋላው የፍሬን ሸራ ዲስኩ ላይ ተጣብቆ ጎማው አልዞር አለ፤ ጭነት መኪና ላይ ተጎትታ ነው የወጣችው። ማርሽ ውስጥ አስገብቶ ጎማው ሥር ታኮ ማድረግ ይህን ሁሉ ያስቀር ነበር። ጎማዎቹ ደግሞ ወራት በአንድ ጎን ቆመው ጠፍጠፍ ብለዋል፤ ቀድሞ ነፋሱን፣ ጎማው ላይ ከተጻፈው ጣሪያ ሳያልፉ፣ ከፍ ማድረግ ነበረባቸው።

የራሴን ጥፋት አልደብቅም። «ሁሉንም እኛ እንሠራለን» ስላሉኝ ግማሽ ታንክ ቤንዚንና ወራት የሠራ ዘይት ይዛ ገብታለች። ያገለገለ ዘይት ከቃጠሎ የመጣ አሲድና እርጥበት ይይዛል፣ ከመቆሙ በፊት መቀየር አለበት። ታንኩ ሲሞላ ጤዛ የሚይዝበት ባዶ ቦታ አይኖርም። ቤንዚኑ ኢታኖል (አልኮል) ካለበት ውሃ ይስባልና፣ ማረጋጊያውን (ቤንዚን ቆሞ እንዳይበላሽ የሚጨመረውን መድኃኒት) አዲስ ቤንዚን ውስጥ ጨምሮ ጥቂት መንዳት ነው፤ መድኃኒቱ እስከ ኢንጀክተሩ ወይም ካርቡራተሩ ድረስ መድረስ አለበት። አንቱፍሪዙን (የሞተር ማቀዝቀዣው ውሃ በረዶ እንዳይሠራ የሚጨመረውን) ብቻ ራሴ አስለክቼ ነበር፤ ግማሽ በግማሽ ከውሃ ጋር ሲሆን ከዜሮ በታች 37 ዲግሪ ገደማ ይችላል። ሞተሩ ሳይሰነጠቅ የተረፈው በዚያ ይመስለኛል።

ስለዚህ የሚቀጥለው ሻጭ «በየሳምንቱ እናስነሳልዎታለን» ሲላችሁ፣ የምትጠይቁት ይህን ነው፦ ለስንት ደቂቃ? ቆማ ነው ወይስ ተነድታ? ግማሽ ሰዓት በመንገድ ፍጥነት ካልተነዳች ባትነሳ ትሻላለች በሉት። ካልገባው ሌላ ቦታ ሂዱ። ባትሪው ምን ላይ እንደሚሰካ አሳየኝ በሉ፤ ሶኬቱን በዓይናችሁ እዩ። የመጋዘኑ የአየር እርጥበት ስንት ነው? ከ50 በመቶ ብዙ የማያልፍ ጥሩ ነው፤ መለኪያ እንኳ የሌለው «ደረቅ ነው» ቢላችሁ አትመኑ። የኪሎሜትሩን ቁጥር፣ የቀለሙን አራት ጎንና የጎማዎቹን ፎቶ ሲረከቧችሁ አንሱ። ኢንሹራንሳችሁም መኪናው የት እንደቆመ ይወቅ።

ውሉን ደግሞ እስከ መጨረሻው ገጽ አንብቡ። እኔ ፊርማዬ ካለበት በላይ ያለችውን ትንሽ መስመር የዘለልኩት ወረፋ ስለነበረ ነው፦ «ተሽከርካሪው የሚቆየው በባለንብረቱ ኃላፊነት ነው።» የባትሪውን ዋጋ ስጠይቅ ጣታቸውን ያሳረፉት እሷ ላይ ነው። የተከፈለበት አገልግሎት አለመሰጠቱና በንብረት ላይ ለደረሰ ጉዳት ተጠያቂ አለመሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው ብዬ፣ ያንን የራይት ወረቀት ፎቶ አያይዤ፣ የእንክብካቤውን የዋጋ ልዩነት እንዲመልሱልኝ በጽሑፍ ጠይቄያለሁ። እስካሁን ያቀረቡልኝ ለሚቀጥለው ክረምት የግማሽ ዋጋ ቅናሽ ነው።

ባትሪ ተገዝቷል፣ ዘይቱ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፣ የፍሬን ሸራው አዲስ ነው። የቀረኝ የኮፈኑ ቀለም ነው። አንዱ ቀለም ቀቢ ፀሐይ ላይ ቀናት ስትቆይ ፊኛው ሊሰክን ይችላል ሲለኝ፣ ሌላው እስከ ብረቱ ተፍቆ እንደገና ካልተቀባ አይሆንም አለኝ። ሞክሮት የሚያውቅ ካለ ሳልፍቀው በፊት ቢነግረኝ።